ተራራ ከመውረጃው ይመረጣል

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ለጀማሪ የተራራ ተጓዦች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ጥቂት ቦታ አስተካክያለሁ።

ጤና ይስጥልኝ ጀማዓ። ከኋላ የቆማችሁ ግቡ፣ ፊት ወንበር አለ። ፋኑ ይጮሃል፣ ድምፄ ካልተሰማ እጅ አውጡና እደግመዋለሁ።

ሥራዬ ፋርማሲ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ቤቴ አልተገኘሁም፣ ጋራ ላይ ነኝ። ይህን የሰሙ ልጆች ናቸው «ነይና ንገሪን፣ እኛም መጀመር እንፈልጋለን» ብለው የጠሩኝ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ዕድሜ ልኩን በጋራ ተከቦ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አናቱን ሳይረግጥ ሲቀር ይቆጨኛል።

የመጀመሪያ ቀኔን ላውራችሁ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ ቀን የመጣ ስለሆነ።

ግንቦት ነበር። ስድስት ነበርን። ከከተማው በስተ ደቡብ ያሉትን ጋራዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ቅርብ ይመስላሉ፣ እጅ ቢዘረጋ የሚነኩ። ቁርስ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ እየተሳሳቅን ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዘናል። መውጣቱ አደከመን እንጂ አልከበደንም። አምስት ሰዓት ተኩል ሲል አናቱ ላይ ነን። ነፋስ አለ፣ ድሬ ከታች ተዘርግታለች፣ ፎቶ ተነሳን፣ የቀረችንን ውሃ ተካፍለን ጨረስናት። ደርሰናላ! ከዚህ በኋላ መውረድ ብቻ ነው፣ መውረድ ደግሞ ምን ያስቸግራል ብለን።

በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ከላይ ፀሐዩ፣ ከታች የጋለ ድንጋይ። ሰባት ሰዓት አካባቢ አንዷ ጓደኛችን ዝም አለች። ሁላችንም ዝም ብለን ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ቆይታ ዞር ብላ «ቁልፌን የት አደረግኩት?» አለችኝ። ኪስሽ ውስጥ ነው አልኳት። ጥቂት ተራምደን እንደገና ጠየቀችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ እጇን ያዝኩት፣ ይፋጃል። ሙቀት እንደመታት ገብቶኛል። ሥራዬ ነው። ግን በመካከላችን ጉሮሮ የምታርስ ውሃ አልነበረችም።

ግራር ሥር አስቀመጥናት። በዚያ ሰዓት አንዲት እናት አህያዋን እየነዳች ከላይ ወረደች፣ ከሰል ጭናለች። አየችን፣ ምንም አልጠየቀችም። ከጭነቱ ሥር ቢጫ ጀሪካን ፈታች። ክዳኑ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ቆረቆንዳውን በጥርሷ ነቅላ፣ የጓደኛዬን ሻርፕ አርሳ አናቷና አንገቷ ላይ ጣል አደረገችላት፣ በሌላው ጫፍ አራገበችላት፣ ነፍስ ዘራ ስታደርግ ነው ትንሽ ትንሽ ያስጎነጨቻት። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ግራ የተጋባ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አለማንቆርቆር። ገንዘብ ብንሰጣት እንቢ አለች። የዚያች ሴት ውሃ የራሷ መመለሻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተራራ ስመርጥ ከመውረጃው ነው የምጀምረው። ስንት ሰዓት ላይ ነው የምወርደው? ወዴት ነው የምወርደው፣ ወደ ብርድ ወይስ ወደ ሙቀት? ያን ሰዓት ስንት ውሃ ይቀረኛል? ጉልበቴስ? እነዚህን ከመለስኩ በኋላ ነው የጋራውን ስም የምጠራው።

ለምንድን ነው እንዲህ የማከርረው? ቦታችን ነዋ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሐረር 1,885 ሜትር ናት። መኪናው ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ መስኮት ከፍታችሁ አየሩ ሲለወጥ ያልተሰማችሁ አለ? በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከድሬ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ትኩስ ጉልበቱን ይዞ ወደ ቅዝቃዜ ይሄዳል፣ ስለዚህ ይታለላል፣ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ሲመለስ ግን ደክሞት፣ ውሃው አልቆ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ወደ ምጣድ ነው የሚወርደው። ደጋ የሚኖር ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። እዚህ ከድሬ የምንነሳው ነን የመጨረሻው ሰዓት ከመጀመሪያው የሚከብደን።

ስለዚህ ከድሬ ለሚነሳ ጀማሪ ሁለት አማራጭ አለ። ወይ በጣም አጭር ነገር ይዞ በጨለማ ተነስቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ መግባት፣ ወይ መኪና ይዞ ደጋ ወጥቶ እዚያው ጀምሮ እዚያው መጨረስ። ደጋው ላይ ከጨረሳችሁ በሚኒባስ ነው የምትወርዱት፤ ሙቀቱ ይምጣ፣ ተቀምጣችሁ ነው።

አጭሩ የቱ ነው ካላችሁኝ የፖርክ ኤፒክ ዋሻን አስቀድማለሁ። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሸለቆው ተነስቶ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ነው ዋሻው ያለው። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አቤ ብረይ የተባሉት ፈረንሳዊ ቄስና አርኪዮሎጂስት ቆፍረውታል፣ የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንትም ተገኝቶበታል። እኔን የሚገርመኝ ቀይ አፈሩ ነው። ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ቀለም ሊያወጡበት ወደ ዋሻው ያመጡት ቀይ የአፈር ድንጋይ 40 ኪሎ ያህል ተገኝቷል። እያንዳንዷን ድንጋይ አንድ ሰው በእጁ ይዞ ያንን ዳገት ወጥቷል። እኔ ስወጣ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል። መግባት ከፈለጋችሁ ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ ፈቃድና የሚወስዳችሁን ሰው ጠይቁ። ከመሬት ምንም አታንሱ፣ የድንጋይ ስባሪ እንኳ። ግድግዳውን አትንኩ። የሄዳችሁበትን ሰዓት ደግሞ ጻፉት። ለመውጣት ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ፣ ለመውረድስ? በኋላ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ሐረር ነው። የጀጎልን ግንብ በውጭ በኩል በእግራችሁ ዙሩት። 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አቦ ይሄማ ምን ተራራ ነው እንዳትሉኝ፤ በሦስት ሊትር ውሃ የተሞላ ቦርሳ አዝላችሁ፣ ልትገዙት ያሰባችሁትን ሳይሆን የምትሄዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሁለቴ ዙሩት። ተረከዛችሁ ከተላጠ ሸዋ በር ላይ ባጃጅ አለ። ጋራ ላይ ባጃጅ የለም።

ግንቡን ስትዞሩ በስተ ደቡብ ቀና ብላችሁ የምታዩት ሀኪም ጋራ ነው። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከከተማው ደጃፍ ነው፣ መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም፣ ሲደክማችሁ የምትመለሱበት ከተማ ቁልቁል ይታያችኋል። ከላይ ሆናችሁ ጀጎልን በሙሉ፣ ከነሚናራው፣ አንድ ላይ ታዩታላችሁ። ስሙም የወሊው፣ የቅዱሱ ሰው የአው ሀኪም ነው፣ ሰው ለዚያራ፣ ለጸሎት የሚሄድበት ቦታ ነውና ሙዚቃ ከፍታችሁ አትውጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሱ ቁርሳችሁን ሐረር ገብታችሁ ትበላላችሁ፣ ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ያን ቀን የሚጥመውን ያህል ሌላ ቀን አይጥምም።

ሀኪምን አራት አምስት ጊዜ ሳትወጡ ስለ ቁንዱዶ አታውሩብኝ። ይህን ስል ላስቀራችሁ ፈልጌ አይደለም፣ ቁንዱዶን በጣም ስለምወደው ነው። ጉርሱም ነው ያለው፣ ከፉኛን ቢራ ከተማ በላይ። ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ አናቱ ጠረጴዛ ነው፣ ሰፊ የሣር ሜዳ። እዚያ ላይ ነው ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ያሉት። አያቶቻቸው የሰው ፈረሶች ነበሩ፣ እነሱ ግን ለብዙ ዘመን በራሳቸው ኖረው ዱር ሆነዋል። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ጉም ነበር። ሣር ሲነጭ ሰማሁ። ከዚያ ጉሙ ትንሽ ሳሳ ሲል ቡናማ ጀርባ፣ ከጎኑ ውርንጭላ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ከእኔ። ጆሮዎቿ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔም እዚያው ተቀመጥኩ፣ ትንፋሼን እንኳ ዋጥ አድርጌ። ጉሙ ሲመለስ ጠፉ። ቁጥራቸው ጥቂት ነውና አታባርሯቸው፣ ለፎቶ ብላችሁ አትክበቧቸው።

ቁንዱዶ ላይ ግን ከድሬ በ11 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፣ ንፋሱን ሳትቆጥሩ። ከ2,500 ሜትር በላይ ደግሞ ቆላ የለመደ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ክኒን ውጦ መቀጠል አይደለም፣ ይህን ክኒን የምሸጠው እኔ ነኝ የምነግራችሁ። ከአካባቢው መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በጉም ጊዜ ጠረጴዛ የመሰለ አናት ላይ መውረጃውን ማግኘት ከባድ ነው፤ ጠርዙ ገደል ነው።

ጋራ ሙለታ ከዚህም ይበልጣል፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ልጅ ኢያሱ ታስረውበት የነበረ ተራራ መሆኑን ከታሪክ ታውቁታላችሁ። እሱን ለሁለተኛው ዓመት አስቀምጡት። የሰሜንና የባሌ ተራሮች ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ፣ የትም አይሄዱም።

እሺ፣ ሰዓት። ሂሳቡ ቀላል ነው። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው፤ ተፈሪ መኮንን እዚሁ ኤጀርሳ ጎሮ በተወለዱበት ዓመት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዙ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 600 ሜትር ቢሆን ሦስት ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን ለለመደ፣ ለማያርፍ፣ አየሩ ለሚቀዘቅዝለት ሰው ነው። ለጀማሪ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ፣ አራት ሰዓት ተኩል። ቁርስና ፎቶ ሲጨመር አምስት ሰዓት በሉት። አሁን ከኋላ ቁጠሩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከፀሐይ ማምለጥ ከፈለጋችሁ ስንት ሰዓት ነው መነሳት ያለባችሁ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ካልቻላችሁ ጋራውን አሳጥሩት።

ከሰዓት በኋላ የሚወጣ ሰውም አለ፣ ቀዝቀዝ ሲል ብሎ። አገራችን ላይ ፀሐይ ጠለቀች ማለት ጨለመ ማለት ነው፣ ማምሻው አጭር ነው። የሐረር ጅብ ደግሞ የታወቀ ነው፣ በከተማ የለመደው ሌላ፣ ጋራ ላይ ብቻችሁን የምታገኙት ሌላ። ከ10 ሰዓት በኋላ ሽቅብ አልሄድም፣ አበቃ።

ውሃ። በሰዓት ግማሽ ሊትር ቢያንስ፣ ቆላ ላይ ከሆነ እስከ አንድ ሊትር። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ሦስት ሊትር ትከሻ ያስረሳል አልልም። ግን ግማሹን ውሃ አናት ላይ ሳትነኩት ድረሱ። እኛ ጠርሙሱን በማርከር አሥምረንበት ነው የምንሄደው፣ ከመስመሩ በታች ያለው የመውረጃ ነው። ከውሃው ጋር ኦ አር ኤስ፣ የጨውና የስኳር ዱቄቱን፣ ያዙ፣ አንዱን ከረጢት ለአንድ ሊትር፣ ግማሽ ሊትር ላይ ሙሉውን አትበጥብጡ። ብዙ ላብ ያላበው ሰው ውሃ ብቻ ሲጠጣ ጨው ያጥረዋል። ምግቡ ብዙ አያሳስብም፤ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ተምር፣ ብርቱካን፣ በሶ የሚወድ በሶ። ጋራ ላይ ከሚበላ ሁሉ የሚጥመው ብርቱካን ነው፣ ልጣጩን ግን ይዛችሁ ውረዱ።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። በዚህ ከተማ እየኖርን እንዳላየ ማለፍ አይቻልም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጫት ረሃብንና ድካምን ይሸፍናል፣ ልብንም ያስሮጣል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ጋራ ላይ ደግሞ ድካም መልእክተኛችሁ ነው፣ «ተመለስ» የሚላችሁ እሱ ነው። ማታውን ቅመው ሳይተኙ ያደሩ ልጆችን ጠዋት ይዤ ወጥቼ አውቃለሁ፤ ሽቅብ ከሁሉም ይቀድማሉ፣ ቁልቁል ላይ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ቅዳሜ በርጫ ካለ እሑድ አትምጡ፣ በሚቀጥለው እሑድ ኑ።

ጫማ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ለሀኪም ጋራ ውድ ቡትስ አያስፈልግም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ እግር የሚይዝ ስኒከር ይበቃል። ልባሽ ተራ ብትሄዱ ጥሩ ነገር ታገኛላችሁ፣ ግን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሶሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት፣ ማጣበቂያው የተለጠፈበትን ጠርዝ በጥፍራችሁ ቧጥጡ። ያረጀ ማጣበቂያ የድሬን ድንጋይ ሙቀት አይችልም፤ መንገድ ላይ ሶሉ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ በሻሽ አስረነው የወረድንለት ልጅ አለ። ሁለተኛ፣ አድርጋችሁት ደረጃ ውረዱ። ሽቅብ ምንም አይነግራችሁም። ቁልቁል ስትረግጡ አውራ ጣታችሁ የጫማውን አፍንጫ ከነካ አትግዙት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲነካ ጥፍራችሁ ይጠቁራል፣ ከሳምንት በኋላም ይነቀላል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ እግር ያኔ ያብጣል፣ ጋራ ላይም እንደዚያው ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። መውረድ ስትጀምሩ ቁጭ ብላችሁ ማሰሪያውን እንደገና እሰሩት፣ ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ፣ ከጣት በኩል ላላ፤ ተረከዛችሁ ወደ ኋላ ይቀመጣል፣ ጣታችሁም ይተርፋል። እግራችሁ ላይ አንድ ቦታ ማቃጠል ከጀመረ ያኔውኑ ቁሙ፣ ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው።

ለሰውነታችሁ ዝግጅት ጂም ፍለጋ አትሂዱ። አራት ሳምንት በቂ ነው። ጠዋት በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተራመዱ፣ አሸዋ እግር ያጠነክራል። ቦርሳ አዝላችሁ ፎቅ ውጡ፣ ከዚያ ዋናው ነገር በዝግታ ውረዱ። ጋራ ከወጣችሁ በማግሥቱ ጭናችሁን ፊት ለፊት የሚያማችሁ ከመውጣቱ ይልቅ ከመውረዱ ነው፣ ጡንቻው እየተሳበ ክብደታችሁን ሲያስቆም ስለሚውል። ያን ማስለመድ የሚቻለው በመውረድ ብቻ ነው። ቁልቁል ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ቀጥ አታድርጉ፣ ዱላ ያዙ። አባቶቻችን ያለ ዱላ የማይሄዱት ለወግ ብቻ አይደለም።

ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ለደጋው ሹራብና የዝናብ ልብስ። ባትሪ፣ ፊሽካ። ስልካችሁ ላይ ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ካርታውን ቤት ሆናችሁ አውርዱት። ፊሽካ ስድስት ጊዜ በደቂቃ ውስጥ ሲነፋ የድረሱልኝ ምልክት ነው። ይኸው ነው።

ዝናቡ ግን እንዲህ በሩጫ አይታለፍም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ የወሰደበት ቤተሰብ ያለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሌሊት ነበር፣ ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣነው። ዝናቡ የጣለው በአብዛኛው ከላይ ደጋው ላይ ነበር። እኛ የምንራመድባቸው ደረቅ ሸለቆዎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ደንገጎ በኩል ግን ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አትሂዱ፣ አትረፉ፣ ድንኳን አትትከሉ። ጎርፍ ከመጣ ሮጦ ማምለጥ የለም፣ አስቀድሞ ጎን ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መጠበቅ ነው። በክረምት መብረቅ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስለዚህ ከስድስት ሰዓት በፊት ከአናቱ ወርዳችሁ መገኘት አለባችሁ። ከደረሰባችሁ ደግሞ ከጠርዙ ውረዱ፣ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጋራው የሰው ቤት ነው። ሰው ያርስበታል፣ ከብት ያግድበታል፣ ይኖርበታል። በጫት ማሳ መሐል አቋርጣችሁ አትለፉ፣ ባለቤቱ ሌባ መስላችሁት ቢወጣባችሁ አይፈረድበትም። እርከኑን አትናዱ። ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፣ ቆማችሁ ባለቤቱን ጥሩ። ቁልቋል አትቁረጡ፣ ወተቱ ዓይን ከገባ ለብርሃናችሁ ያሰጋል። የምትሄዱበትን ቀበሌ አሳውቁ፣ የአካባቢው ሁኔታ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካሏችሁ አይሆንም። በኦሮምኛ ሰላም ማለትና ውሃ መጠየቅ የማይችል ካለ ይማር፣ ወደ ሶማሌ በኩል ካዘነበላችሁ ደግሞ ሶማልኛውን። ቢሻን፣ ቢዮ። ድሬ ልጅ ናችሁ፣ ይህ ለእናንተ አይከብድም።

ጥያቄ ተጠይቄ ነበር፣ እሱን መልሼ ላብቃ።

አንዷ እህቴ «ሴት ልጅ ብቻዋን መሄድ ትችላለች ወይ» ብላለች። መጀመሪያ ላይ ማንም ብቻውን አይሂድ፣ ወንድም ቢሆን። አራት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ እርዳታ ሊጠሩ ይወርዳሉ። ቤታችሁ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ጽፋችሁ አስቀምጡ። እማማ ይጨነቃሉ ብላችሁ አትደብቁ፣ የሚጨነቅ ሰው ነው የሚፈልጋችሁ።

ሌላው «ዘገምተኛ ጓደኛ አለኝ፣ ወደ ኋላ ይቀራል» ይላል። እሱን ፊት አስቀድሙት። ሁላችሁም በእሱ እርምጃ ሂዱ። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ሲደርስባችሁ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ እናንተ አርፋችኋል፣ እሱ አላረፈም። ጓደኛዬ ያን ቀን ከኋላ ነበረች። ዝም ስትል ያልሰማናት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው «ግማሽ መንገድ ላይ ብመለስ ያሳፍራል» የሚል ነው። እኔ ቁንዱዶን ሦስት ጊዜ ሄጄ ሁለቴ ከመንገድ ተመልሻለሁ፣ አንዴ ለጉም፣ አንዴ አንድ ልጅ ራሱን ስላመመው። የመመለሻ ሰዓታችሁን ቤት ሆናችሁ ወስኑ፣ ላባችሁ ሳይሞቅ። «አምስት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንዞራለን» በሉ። አናቱ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም።

በሉ፣ እሑድ ሀኪም ጋራ ነን። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሚኒባስ ይነሳል። 11 ቦታ ነው ያለው፣ ስም ለማስመዝገብ ከዚህ በኋላ እኔ ጋ ኑ። ጫማችሁን አያለሁ። ሦስት ሊትር ያልያዘ አይሳፈርም። ሁለት ሊትር ለራሳችሁ፣ አንዱን እስክንወርድ ማንም አይከፍተውም፤ መንገድ ላይ የጠማው ሰው ካገኘን ለእሱ ነው።